ቡባ ብዬ ነበር የጻፍኩት

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እጮኛ አልነበረኝም።

ተጣልተን አይደለም። ሌላ ሴት መጥታም አይደለም። በአንዲት ፊደል ምክንያት ነው።

ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

ለአዲሶቹ ተከታታዮቼ፦ ስሜ ማስተዋል ነው። አትሳቁ፣ ወላጆቼ ተስፋ አድርገው ያወጡልኝ ስም ነው። የምኖረው እስራኤል፣ ኔታንያ ነው። ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ቁርስ ክፍል እሠራለሁ። ቅዳሜ ማታ ሰንበት በወጣ ቁጥር ደግሞ በሳምንቱ ያየሁትን ፊልም እዚህ ገጽ ላይ እተቻለሁ።

«እተቻለሁ» እንኳ ትልቅ ቃል ነው፣ አወራለሁ እንበል። ስለ ካሜራና ስለ ዳይሬክተር የማውቀው ነገር የለም። ይሄ አስለቀሰኝ፣ ይሄ አስተኛኝ፣ ይሄ ገንዘቤን በላ፣ በቃ። መኪና ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚዘልበትን የአሜሪካ ፊልም አይቼ «ሾፌሩ ዓርብ ከሰዓት ኔታንያ መሀል ፓርኪንግ አግኝቶ ቢያሳየኝ ነበር የማደንቀው» ያልኩት እኔ ነኝ። ሀብታሙ ልጅ ድሃ መስሎ ፍቅረኛ የሚፈልግበትን የአዲስ አበባ ፊልም ደግሞ «ስንተኛው ነው ይሄ? እዚያ ከተማ እውነተኛ ድሃ አያፈቅርም እንዴ?» ብዬ ጽፌ ነበር።

እንደዚህ ዓይነት ነገር ነው የምጽፈው። ማንንም አይጎዳም።

ማለቴ፣ አይጎዳም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ያየሁት ፊልም ሁላችሁም የምታወሩለት ያ አዲሱ ኮሜዲ ነው። ልጁ ልጅቷን ሊያገባ ይፈልጋል፣ የልጁ እናት ደግሞ በጭራሽ አትፈልግም። ያየሁት ብቻዬን አይደለም። እጮኛዬ ዳኒ እናቱ ቤት ወሰደኝና ሦስታችንም አንድ ሶፋ ላይ ተደርድረን አየነው። የወደፊት አማቴ እማማ ትርንጎ መሀል፣ እኛ ግራና ቀኝ። ሶፋው ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ከእማማ ትርንጎ ጋር ፊልም ማየት ራሱን የቻለ ፊልም ነው። ልጁና ልጅቷ ገና እንደተያዩ፣ ሙዚቃው እንደጀመረ፣

«ሰባት ቤት ተቆጥሯል?» አሉ።

«ፊልም እኮ ነው እማማ» አልኳቸው።

«ፊልም ቢሆንስ? ዘመድ ቢሆኑስ?»

ልጅ ሲጋባ ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ ይሄ በኛ በቤተ እስራኤሎቹ ወገን ቀልድ የለውም። የኔና የዳኒ ተቆጥሮ አልቋል፣ ንጹሕ ነን። የቀረው በያዝነው ሳምንት የሳቸው ወገን ሽማግሎች እኛ ቤት መጥተው እኔን መጠየቅ ብቻ ነው። እናቴ መጋረጃ ሁሉ ቀይራለች።

እንግዲህ ትናንት ሰንበት ሲወጣ፣ በዚህ ሁሉ ደስታ መሀል፣ ፖስቴን ጻፍኩ። አንድም ነገር ሳልቀይር እነሆ፦

«ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ይጎተታል። ልጁ መልኩ እንጂ ትወናው አይጥምም። የልጁን እናት ሆና የምትጫወተዋ ግን ጉድ ናት! ቁጣዋ፣ ዝምታዋ፣ በዓይኗ ብቻ ሰውን ከወንበር ማስነሳቷ። የወደፊት አማቴን እማማ ትርንጎን ቁጭ። ቡባ ናቸው። ዓይናቸው ካረፈብኝ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኛለሁ። እቤታቸው ሄጄ ሆዴን ሳልይዝ የተመለስኩበት ቀን የለም።»

ቆንጆ አይደለም? እዚህ አገር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ «ቡባ» በዕብራይስጥ አሻንጉሊት ነው። ሰው ሲወድሽ ቡባ ይልሻል፣ የኔ ቆንጆ፣ የኔ ማር እንደማለት። ሆዴን የምይዘውም ከጥጋብና ከሳቅ ብዛት ነው። ፍቅሬን ነበር የጻፍኩት።

ግን በቅርቡ ስልኬ ላይ አዲስ የአማርኛ ኪቦርድ ጭኛለሁ። ብልጥ ነው፣ የተሳሳተ ቃል ሲያይ ሳይጠይቅ ያርማል። ቡባ የሚባል የአማርኛ ቃል ደግሞ አያውቅም።

ቡና ብሎ ቢያርመው ምን ነበረበት? «ቡና ናቸው» ቢል ማን ይቀየም ነበር?

«ቡዳ» አለው።

አሁን ወደ ላይ ተመለሱና ፖስቱን በዚህ ቃል አንብቡት። ቡዳ ናቸው። ዓይናቸው ካረፈብኝ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኛለሁ። እቤታቸው ሄጄ ሆዴን ሳልይዝ የተመለስኩበት ቀን የለም።

አያችሁ? ደግሞ እኮ በአክብሮት ነው። «ናቸው» ብዬ።

እኔ ለጥፌ ተኛሁ። እሁድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፣ ጠዋት ወደ ሥራ ገባሁ። እንግዶች እንቁላላቸውን በስሎ፣ ሳይበስል፣ ግማሹ በስሎ እያሉ ሲያዋክቡኝ ስልኬ ኪሴ ውስጥ መንቀጥቀጡን አላቆመም። ፖስቱ ተወደደ ብዬ ደስ አለኝ!

ከዚያ ዳኒ ደወለ። ቴል ሞንድ አንድ አዲስ ቤት ላይ ኤሌክትሪክ እየዘረጋ ነው፣ በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም።

«ማስቲ፣ እናቴን ምን አልሻት?»

«ምን አልኳቸው?»

«ማ ዜ ቡዳ? ቡዳ ምንድነው? ያ ሆዱን ገልጦ የሚቀመጠው ሐውልት አይደለም? ወፈረች ነው ያልሽው?»

የኔ ጌታ እዚሁ ነው የተወለደው። ከአማርኛ የሚያውቀው ምግብና ስድብ ነው፣ ከስድቡም ይቺኛዋን ማንም አላስተማረውም። እኔ ግን ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ፖስቴን ከፈትኩና ቃሏን አየኋት።

«ደውላ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?» አለ። «የሽማግሎቹ ነገር ይቅር አለችኝ። ይቅር ብቻ ብላ ዘጋችው። አሁን ስደውል አታነሳም።»

ማንበብ ለማይችሉት ለእማማ ትርንጎ ማን አነበበላቸው ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል።

አቶ ፈንታሁን ናቸዋ! ገበያው መግቢያ ላይ የኛ ትልልቅ ሰዎች የሚያርፉበት አግዳሚ ወንበር አለ። አቶ ፈንታሁን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እሁድ እሁድ ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልካቸውን ክንዳቸው እስከሚደርስበት ድረስ አርቀው ይዘው፣ የኔን የፊልም ወሬ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብለው ያነባሉ። እስከ ዛሬ በዚህ እኮራ ነበር።

ቁርስ ክፍሉን የሚመራው ሰውዬ ጋ ሄጄ «ቤተሰብ ነው፣ መሄድ አለብኝ» አልኩት።

«ማን ሞተ?» አለኝ ደንግጦ።

«እስካሁን ማንም። ቀጥሎ እኔ ነኝ።»

እንቁላል የተረጨ ሽርጤን ሳልፈታ ከባሕሩ ዳር እስከ ገበያው ሮጥኩ። አውቶቡስ መጠበቅ እንኳ አልቻልኩም። መንገድ ላይ ፖስቱን አረምኩት፣ እንደዚያም ሆኖ የታረመ ጽሑፍ ከሰው ጆሮ ውስጥ አይወጣም።

ስደርስ አግዳሚው ሙሉ ነው። እማማ ትርንጎ ጫፉ ላይ ተቀምጠዋል፣ ባለጎማዋን የገበያ ጋሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ጋሪዋ ባዶ ናት። ከአጠገባቸው የሁልጊዜ ጓደኛቸው እማማ አለሚቱ አሉ። አቶ ፈንታሁን እንዳዩኝ ተነሡ።

«እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብሁት» አሉ ገና ሳልናገር። «ፊደል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።»

«ልክ ነዎት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩና እማማ ትርንጎ እግር ሥር ቁጢጥ አልኩ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም። ስልኩ ነው ቃሉን የለወጠው።»

«ስልኩ እኔን ከየት አውቆ?» አሉ።



እማማ ትርንጎ ሲቆጡ አውቃለሁ፣ ቁጣቸውን ለምጄዋለሁ፣ እንዲያውም እወደዋለሁ። ይሄ ግን ቁጣ አልነበረም። ፊታቸው ላይ ያየሁት ኀፍረት ነው። ለሳቸው ብዬ የምሞትላቸው ሴትዮ ሰው ፊት አፍረው ተቀምጠዋል፣ በኔ እጅ።

«ይችን ቃል» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሱዳን በረሃ ጥያት የመጣሁ መስሎኝ ነበር። እናቴ ድስት ሠርታ ገበያ ስታወርድ፣ ድስቷን ይገዙና ልጆቻቸውን ከኛ ዓይን ይሸፍኑ ነበር። ቀን ጎረቤት ነን። ልጅ ሲታመም ግን ቡዳ ነን። አንች ይህን አታውቂም፣ በአውሮፕላን ተጠቅልለሽ መጣሽ።»

እውነት ነው፣ ከአዲስ አበባ ስንመጣ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ቃሏን በወሬ እንጂ ተሰድቤባት አላውቃትም። አለቀስኩ። ማስመሰል አይደለም፣ በሽርጤ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

«ቡባ ነበር ያልኩት» አልኳቸው። «ቡባ። በዳ ሳይሆን፣ በባ ፊደል።»

«ቡባ ምንድር ነው?»

«አሻንጉሊት።»

አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው የገባኝ። እማማ ትርንጎ ወደ እማማ አለሚቱ ዞሩ።

«የዛሬ ልጅ መጀመሪያ ቡዳ አለችኝ፣ አሁን ደግሞ አሻንጉሊት።»

«አይደለም እማማ፣ የፍቅር ቃል ነው! እዚህ አገር ሰው ለሚወደው...»

እንዴት ብዬ ላስረዳ? ዓይኔ የሚያድነኝ ሰው ፈለገ። አግዳሚው ፊት ለፊት ባለው የቲማቲም መሸጫ ጎልማሳው ባለሱቅ እንደልማዱ ለሚያልፈው ሁሉ ይጮኻል። አንዲት ሩሲያዊት ሴትዮ ስታልፍ ቲማቲም ቆርሶ ዘረጋላት።

«ቡባ! ቡባ ሼሊ፣ ነይ ቅመሽ!»

«ይኸው!» ብዬ ብድግ አልኩ። «ሰሙት? የኔ ቡባ አላት። የኔ ቆንጆ ማለቱ ነው። ሴትዮዋም ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም።»

እማማ ትርንጎ ሰውዬውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ሰውዬውን አዩ።

«እስቲ እንደገና በይው» አሉኝ።

«ቡባ።»

«በባ?»

«በባ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «አባቱም እንዲህ ይለኝ ነበር» አሉ።

«የማን አባት?»

«የዚህ ሰውዬ። ኔታንያ በገባሁ ሰሞን፣ ቋንቋ ሳላውቅ፣ ብቻየን ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ መጣሁ። አባቱ ነበር ያን ጊዜ እዚህ የሚሸጠው። ሳቅ ብሎ ቲማቲም ዘረጋልኝና ያችን ቃል አለኝ። ለኔ ቡዳ ነው የተሰማኝ። ዘንቢሌን ጥዬ ሄድሁ። እዚህ ድረስ ማን ነገረው አልሁ። ስንት አገር አቋርጨ መጥቼ፣ ነጩ ሰውዬ በምን አወቀኝ አልሁ።»

አቶ ፈንታሁን ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ከዚያ በኋላ ከዚህ ሱቅ ገዝቼ አላውቅም» አሉ እማማ ትርንጎ። «ማዶ ጥጉ ድረስ ነው የምሄደው።»

እማማ አለሚቱ ቀስ ብለው ዞሩባቸው። «አንች፣ እኔንም እዚህ አትግዢ ያልሽኝ ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ቲማቲሙ ያማል ብለሽኝ!»

«ምን ልበልሽ ታዲያ?»

«ጉልበቴን ይዤ ስንት ዘመን ጥጉ ድረስ ስሄድ! ለስንቱም ነግሬያለሁ!»

ከአግዳሚው ላይ አንድ በአንድ ድምፅ መጣ። እኔም ሰምቼ ነበር የሚሉ በዙ። አቶ ፈንታሁን ሳይቀሩ ሚስታቸው «እዚያ አትግዛ» ብላ እንደከለከለቻቸው አመኑ። እማማ ትርንጎ ምክንያቱን ለማንም ሳይናገሩ፣ ያችን ቃል ብቻቸውን በሆዳቸው ይዘው፣ የኔታንያን የኛን ሰው በሙሉ ከአንድ የቲማቲም ሱቅ አስቀርተዋል።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ሳቁ ከነጠላው ሥር ጀመረና ትከሻቸውን ያዘው፣ ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አልቻልኩም፣ ሁለቱም ነበር። ተነሡ። ጋሪያቸውን እየጎተቱ ቀጥ ብለው ወደ ሱቁ ሄዱ። ሁላችንም ተከተልን።

ባለሱቁ ይህን ሁሉ ነጠላ አንድ ላይ ሲመጣበት ደንግጦ ሚዛኑን ያዘ። ታሪኩን በዕብራይስጥ ነገርኩት። ሲሰማ ቆይቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ» አለ፣ «ኢትዮጵያውያኑን ምን በደልኳቸው ይል ነበር። ቲማቲሙን አይወዱት ይሆናል ብሎ ዓይነቱን ሁሉ ለወጠ።»

ይህን ስተረጉምላቸው እማማ ትርንጎ ፈገግታቸው ጠፋ። «ነፍስ ይማር በይልኝ» አሉ። አልኩለት። ሰውዬው ተነሣ፣ ከመረጠው ሁሉ ትልቁን ቲማቲም በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

«ቡባ» አላቸው፣ ቃሏን ግልጽ አድርጎ።

እማማ ትርንጎ ቀና አሉ። «ቡባ ሎ» አሉት። «ጌቬሬት።»

ቡባ አይደለም፣ እመቤት በለኝ ማለታቸው ነው።

«ጌቬሬት» አለ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ። እሳቸውም ቲማቲሙን ጫን ጫን አድርገው አዩትና «ለስልሷል፣ ሌላ አምጣ» ብለው መለሱለት።

ቆይ ግን፣ የኔ ጉዳይስ? እኔም ይህንኑ እያሰብኩ ነበር። ሁሉም ቲማቲም ሲመርጥ፣ ሲስቅ፣ ሲመራረቅ፣ ስለ ሽማግሎቹ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ጋሪዋን ተቀብዬ እየጎተትኩ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ሸኘኋቸው። አልጠየቅሁም። መጠየቅ ፈርቼ ነው።

አውቶቡሱ እስኪመጣ ተቀመጥን።

«ያ ፊልም» አሉ በመጨረሻ።

«አቤት እማማ።»

«ያች እናት ልክ ናት። ልጅቱ አፏ ክፍት ነው፣ የመጣላትን ሁሉ ትናገራለች። እኔም ብሆን ኖሮ እንዲሁ ነበር የማደርጋት።»

«እሽ» አልኩ።

«ግን እናትየዋ ሠርጉ ቀን ምን አደረገች?»

«ጨፈረች።»

«ጨፈረች» አሉ። «እኔ ደግሞ ከሷ የተሻለ እጨፍራለሁ። ሐሙስ ሽማግሎቹ ይመጣሉ፣ ለናትሽ ንገሪያት። ለዳኒም ደውይለት፣ እኔ ያችን ስልክ እንደገና መንካት አልፈልግም።»

እላያቸው ላይ ወደቅሁ። ሽርጤ ላይ ያለው እንቁላል ነጠላቸውን ነካው፣ ገፋ አደረጉኝ፣ ከዚያ መልሰው ያዙኝ። እወድዎታለሁ አልኳቸው። እንደዚህ ተባብለን አናውቅም። እሳቸውም እጄን አልለቀቁም።

አውቶቡሱ መጣ። እግራቸውን ደረጃው ላይ ካደረጉ በኋላ ዞር አሉ።

«ያ ያልሽው... ቡባ» አሉ በሹክሹክታ፣ ሾፌሩ እንዳይሰማ። «እቤት ውስጥ፣ ሰው ሳይኖር፣ ብትይኝ ግድ የለኝም። ሰው ፊት ግን አይሆንም። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ለማንም» አልኩ።

ይኸው ለሁላችሁ ነገርኳችሁ። ማስተዋል ብሎ ስም ያወጣልኝ ሰው ምን ነክቶት ነው?

አቶ ፈንታሁን፣ መቼም ይህንንም እሁድን ሳይጠብቁ ለአግዳሚው ማንበብዎ አይቀርም። እባክዎ፣ እማማ ትርንጎ አጠገብዎ ካሉ፣ ከአውቶቡሱ ጀምሮ ያለውን ይዝለሉልኝ፣ ሐሙስ እስኪያልፍ ብቻ። የተጻፈውን ነው የማነበው እንዳይሉኝ።